የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ በአማርኛ፦ ለልጆቻችን ክለሳ እኛ ምን አለን?

ግንቦት ሲገባ በአሜሪካ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ የዓመቱ የሳይንስ ክለሳ። ይዘቱ ከግዛት ግዛት ቢለያይም አራት ነገሮች አይጠፉበትም፦ ጠፈር፣ ስበት፣ ህዋስና ሥርዓተ ምህዳር። በጀርመንም ሆነ በስዊድን፣ በዱባይም ሆነ በሪያድ ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች የሚማሩት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ወላጆቹን ደግሞ እስቲ አስቧቸው። አንዷ ነርስ ናት፣ ሌላው መሐንዲስ ነው፣ ሌላው በኬሚስትሪ ተመርቆ ታክሲ ይነዳል። ልጁ «ጠፈርተኞች ለምንድን ነው የሚንሳፈፉት?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ ግን በብዙ ቤት የሚሰማው መልስ «ዩቲዩብ ላይ ፈልገው» የሚል ነው። ዕውቀቱ ጠፍቶ አይደለም። ትምህርቱን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነው፤ ሁለቱ አንድም ቀን ሳይገናኙ ስለቀሩ ነው።

ልጁ ታዲያ ማንም ሳይነግረው አንድ ነገር ይደመድማል። አማርኛ «ብላ»፣ «ተነስ»፣ «አያትህን ሰላም በል» የሚባልበት ቋንቋ ነው፤ ዓለም እንዴት እንደሚሠራ የሚጠየቀው ግን በሌላ ቋንቋ ነው። የእኔ ስጋት እዚህ ላይ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ይህን አንዴ ካመነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሀ ሁ ሂ ብናስቆጥረውም ቋንቋውን የሚያየው እንደ በዓል ልብስ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ይለብሰዋል፣ ከዚያ ይሰቅለዋል።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሙያዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጄንና ሦስት የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ የሳይንስ ክለሳቸውን በአማርኛ እናወራበታለን። ደሴ ያለው የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ለእሱ ሰዓቱ ማታ ቢሆንም ኔትወርክ ሲፈቅድ በስልክ ይገባል። ከዚህ ያየሁትን በአራቱ ርዕሶች ላካፍላችሁ። ልጅ ያላችሁ ዛሬ ማታውኑ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ጠፈር፦ ከጳጉሜን እንጀምር

የክለሳው ወረቀት ላይ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ? ልጆቹ ሁሉ በአንድ አፍ «መሬት ከፀሐይ ስትርቅ ይበርዳል» አሉ። ይህ መላ ምት ነው። መላ ምት የምትለው ቃል ራሷ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነች ልብ በሉ፤ ልጅ አንዴ ሰምቶ አይረሳትም። ከዚያ መላ ምቱን ፈተንነው። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ ያን ጊዜ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጁላይ መጀመሪያ ደግሞ 152 ሚሊዮን ይሆናል። ጃንዋሪ ውስጥ ቨርጂኒያ በረዶ ነው። ስለዚህ ርቀቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ትክክለኛው ምክንያት የመሬት ዘንግ 23.5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማለቱ ነው፤ ወደ ፀሐይ ያዘነበለው ንፍቀ ክበብ ረጅም ቀንና ቀጥ ያለ ጨረር ያገኛል።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት አንድ ነገር ይጨምራል። የአበሻ ሰዓት ለምን ከንጋት ይቆጠራል? አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በዓመቱ ውስጥ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ሁልጊዜ በ12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ በ12 ሰዓት አካባቢ ስለምትገባ፣ ከንጋት መቁጠር ያስኬዳል። ስቶክሆልም ያለ ልጅ ይህን ሰዓት ይዞ ቢኖር ግን ግራ ይገባዋል፤ እዚያ በዲሴምበር ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፣ በጁን ከ18 ሰዓት ይበልጣል። «አባዬ ለምንድን ነው ሰዓቱን ስድስት የምታጎድለው?» ለሚል ልጅ ከዚህ የተሻለ የጠፈር ትምህርት አላውቅም።

ሌላው ጳጉሜን ነው። መሬት ፀሐይን አንዴ የምትዞረው በ365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ ነው። እኛ ትርፉን ስድስት ሰዓት አድርገን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት እናደርጋለን፤ በዓመት 11 ደቂቃ ያህል እናበልጣለን ማለት ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይህን ለማስተካከል በየ400 ዓመቱ ሦስት ቀን ይዘላል። ከተዘለሉት አንዱ በ1900 እ.ኤ.አ. ነበር። ለዚህ ነው የዓድዋ ጦርነት በፈረንጅ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ተብሎ ተጽፎ፣ እኛ ግን የካቲት 23ን የምናከብረው ማርች 2 ላይ የሆነው። ልጆቹ «የትኛው ነው ስህተቱ?» ብለው ሲከራከሩ ቆዩ። ስህተት የለም፤ ሁለት አቆጣጠሮች አንዲት መሬት ስትዞር በየራሳቸው መንገድ እየቆጠሩ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። «ክረምት» ስንል ልጁ የሚያስበው በረዶውን ነው፤ አያቱ የምታስበው ዝናቡን ነው። ይህን ሳይለዩ ማስረዳት አይቻልም። ደስ የሚለው ነገር፣ ሁለቱም ከአንድ ምክንያት ይመጣሉ። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብል ቨርጂኒያ ትሞቃለች፤ የዝናቡ ቀበቶም ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣና ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ይዘንባል።

ስበት፦ 23 ኪሎው ሻንጣ

በክለሳው ውስጥ ልጆችን በጣም የሚያሳስታቸው በክብደትና በመጠነ ቁስ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በተራ ንግግራችን ሁለቱንም «ኪሎ» ስለምንላቸው ችግሩ የቋንቋ ይመስላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም በየቀኑ ያምታታቸዋል። ስለዚህ ቃሉን ትተን ወደ ሻንጣ ሄድን።

አገር ቤት ለመሄድ ስንነሳ ሁላችንም የምናውቀው በእጅ የሚንጠለጠል የሻንጣ ሚዛን አለ። 23 ኪሎ የሞላ ሻንጣ ይዘን ጨረቃ ላይ ብናንጠለጥለው አራት ኪሎ እንኳን አይሞላም፤ የጨረቃ ስበት የመሬትን አንድ ስድስተኛ ስለሆነ። «ትርፍ ኪሎ አያስከፍሉንም ማለት ነው!» አለች ልጄ። አሁን ደግሞ የድሮውን የገበያ ሚዛን እናምጣ፤ በአንዱ ሰሃን ዕቃ፣ በሌላው የብረት ድንጋይ የሚቀመጥበትን። በዚያ ሚዛን ሻንጣው ጨረቃም ላይ 23 ነው። ለምን? ስበቱ የቀነሰው በሁለቱም ሰሃን እኩል ነዋ። የሚንጠለጠለው ሚዛን ክብደትን ይለካል፤ የሰሃኑ ሚዛን መጠነ ቁስን ያነጻጽራል። ሻንጣውን ጨረቃ ላይ በጎማው እንግፋው ብትሉ ደግሞ፣ ማንሳቱ ቢቀልም ከቆመበት ለማስነሳትና ሲሄድ ለማቆም የሚጠይቀው ትግል ያው ነው። መጠነ ቁሱ አልተለወጠምና።

ከዚያ ወደ ጠፈርተኞቹ መጣን። ብዙ ሰው የሚንሳፈፉት «እዚያ ስበት ስለሌለ» ይመስለዋል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከመሬት በላይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህ በመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ ደሴ ያለው ርቀት ያህል ነው። የእህቴ ልጅ በስልክ «ታዲያ ይሄማ ቅርብ ነው!» አለ። ልክ ነው፤ እዚያ ያለው ስበት መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። የሚንሳፈፉት ያለማቋረጥ እየወደቁ ስለሆነ ነው። ጣቢያው በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ስለሚበር፣ ወደ መሬት በወደቀ መጠን መሬትም እየጎበጠች ከሥሩ ትሸሻለች። 90 ደቂቃ በሚያህል ጊዜ አንዴ ይዞራታል።

ይህን ለማሳየት ወንጭፍ ይበቃል። ድንጋዩን የሚያዞረው ገመዱ ነው። ገመዱን ስትለቀው ድንጋዩ ክብ መዞሩን ትቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለጨረቃና ለጣቢያው ገመዱ ስበት ነው፤ የሚዞሩበት መንገድ ደግሞ ምህዋር ይባላል። ወንጭፍ አይተው የማያውቁት የቨርጂኒያ ልጆች በካልሲና በቴኒስ ኳስ ሠሩት። መስኮት አልተሰበረም፤ ለጥቂት ነው።

ህዋስ፦ ቡኮው ውስጥ ያለው ሕይወት

አሜሪካ ውስጥ ያደገ ተማሪ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃል፦ ሚቶኮንድሪያ የህዋስ የኃይል ማመንጫ ነው። «ኃይሉን ከምን ያመነጫል?» ስትሉት ግን ጸጥ ይላል። በአማርኛ የሚያወራው ልጅ እዚህ ጋ ይጠቀማል፤ የሸመደዳት ዓረፍተ ነገር ስለሌለችው ነገሩን ራሱን ማሰብ ይገደዳል።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1665 እ.ኤ.አ. የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ጥቃቅኖቹ ክፍሎች የመነኮሳትን ጠባብ ክፍል ስላስታወሱት በዚያ ስም ጠራቸው። የእኛዋ በዓት ማለት ናት። «ህዋስ» የሚለው የአማርኛው ስያሜ ደግሞ ከስሜት ሕዋሳት ጋር ዝምድና ስላለው ልጆች «ዓይንና ጆሮ ማለት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይጠይቁ፤ ዓይንም ጆሮም የተሠራው ከህዋስ ነው ብላችሁ ቀጥሉ።

ለሙከራ ቤታችን ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቀይ ሽንኩርት ነው። ለወጥ ሲከተፍ በቅርፊቶቹ መካከል ያለችውን ስስ ሽፋን ላጥ አድርጎ በርካሽ የተማሪ ማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ እንደ ጡብ የተደረደሩ ህዋሶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ግድግዳቸው ይታያል፤ አረንጓዴ ነገር ግን የላቸውም። «ሽንኩርት ተክል አይደል እንዴ? ሐመልሚሉ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽንኩርቱ መሬት ውስጥ፣ ብርሃን በሌለበት ነው ያደገው፤ ምግብ የሚሠራው ከላይ ያለው አረንጓዴ ቅጠል ነው። ብርሃን አስተጻምሮ የሚባለው ትምህርት በአንድ ሽንኩርት ተጀመረ ማለት ነው።

ሁለተኛው እርሾ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ለሳይንስ ክለሳ ግን ይበቃል። የጤፍ ቡኮ በሦስት ብርጭቆ ከፍላችሁ አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ አንዱን ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱን ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ብርጭቆው ላይ በማርከር መሥመር ይሥሩና በየሁለት ሰዓቱ ከፍታውን ይመዝግቡ። እርሾው ውስጥ ያሉት ባለ አንድ ህዋስ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ዱቄቱን ሲመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፤ ቡኮውን የሚያነሳውና የእንጀራውን ዓይን የሚከፍተው ይኸው ጋዝ ነው። በጃንዋሪ ቡኮው አልኩፍ ሲል እናቶች የሚያማርሩበት ምክንያትም በሙከራው ይታያል፤ ህዋስ በብርድ ሥራው ይቀንሳል። ፈንገሱ በቂ ኦክስጅን ሲያጣ ደግሞ አልኮል ያመርታል። ጠላና ጠጅም የዚሁ የህዋስ ሥራ ናቸው።

እዚህ ላይ የላቦራቶሪ ሰው ሆኜ አንድ ነገር ልናገር። በሥራዬ በየቀኑ የማያቸው የደም ህዋሶች ናቸው። የበሰለ ቀይ የደም ህዋስ ኑክሊየስም ሚቶኮንድሪያም የለውም፤ ለኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ቦታ ለቅቋል። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው «የኃይል ማመንጫ ከሌለው በምን ይኖራል?» አሉኝ። ስኳርን ያለ ኦክስጅን እየሰበረ፣ እንደ ቡኮው ፈንገስ ማለት ነው። 120 ቀን ያህል ይኖራል። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ሚቶኮንድሪያን ሸምድዶ ብቻ አላለፈም።

ሥርዓተ ምህዳር፦ ባሌና ቼሳፒክ

የምግብ ሰንሰለት በክለሳው ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ሳር፣ ጥንቸልና ቀበሮ ነው። እኛ ባሌን ወሰድን። የሳነቴ አምባ ላይ ሳሩ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ፍልፈሉ ሳሩን ይበላል፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈሉን ይበላል። ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያልፈው ኃይል በአማካይ 10 በመቶ ያህል ነው፤ የቀረው በሙቀትና በኑሮ ያልቃል። ስለዚህ ሳሩ ከያዘው ኃይል ለቀበሮው የሚደርሰው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ሰፊ አምባ ለምን ጥቂት ቀበሮ ብቻ እንደሚያኖር ልጆቹ ራሳቸው አሰሉት።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለም፤ ቁጥሩም በዓለም ላይ 500 ገደማ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ተላልፎ ብዙዎቹን ገድሏል። እዚህ ላይ ሥርዓተ ምህዳር ማለት «እንስሳትና ዕፅዋት» ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። እረኛው፣ የእረኛው ውሻ፣ የውሻው ክትባት ሁሉ ውስጡ አሉ።

ደቡብ ጎንደር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አካባቢው አብዛኛው እርሻና ግጦሽ ሆኖ፣ የተረፈው የተፈጥሮ ደን በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች አጥንተዋል፤ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር በመሥራትም በብዙ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ልጆቹን የጠየቅኳቸው ጥያቄ «ከብት ቢገባ ትልቁ ዛፍ ምን ይሆናል?» የሚል ነበር። ምንም አይሆንም አሉ። እውነት ነው፤ የሚያልቀው ችግኙ ነው። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው የለም። ደን ቆሞ እያለ ሊሞት እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

የቨርጂኒያ ልጆች ምህዳር ግን ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ እሱንም ማወቅ አለባቸው። ከእርሻና ከከተማ የሚታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ውኃው ውስጥ አልጌን ያበዛል። አልጌው ሲሞት የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ፣ ዓሣው ይታፈናል። ውኃውን የሚያጣራው ኦይስተር የሚባለው ባለ ቅርፊት እንስሳም ከቀድሞው ጥቂት በመቶው ብቻ ነው የቀረው። ይህን የተማረ ልጅ ጣናን በአንድ ጊዜ ይገባዋል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ ያፋፋዋል፣ የውኃውን ፊት ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፣ የዓሣ አጥማጁን ጀልባ ያስራል። ሁለት ውኃ፣ ሁለት አህጉር፣ አንድ ትምህርት።

የደሴው ልጅ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ውጭ ልጆች ነው። የእህቴ ልጅ ችግር ግን ተገላቢጦሽ ነው። ፍልፈሉን ያውቃል፣ ቡኮውን ያውቃል፣ ወንጭፉንም ያውቃል። የሚቸግረው የመማሪያ መጽሐፉ ነው። ከክልል ክልል ቢለያይም፣ አገር ቤት ተማሪው ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው። በደርግ ዘመን እኛም እስከ 6ኛ በአማርኛ ተምረን ወደ እንግሊዝኛ የተሻገርን ነን። ብዙ ልጅ በዚህ መሸጋገሪያ ላይ መረዳት ትቶ መሸምደድ ይጀምራል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነቱ፣ የመምህራን ኑሮ፣ የመጻሕፍት እጥረት ሁሉ አለበት። ነገር ግን ያልገባውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ የሸመደደ ልጅ ፈተና ላይ ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

የእሁዱ ስልክ ሁለቱን ልጆች አገናኘ። ልጄ የእንግሊዝኛውን ቃል ትሰጠዋለች፣ እሱ ነገሩን ያሳያታል። ባለፈው «አጎቴ፣ እሷ እኮ ፍልፈል አይታ አታውቅም!» ብሎኝ በካሜራ ጉድጓዱን ሊያሳያት ጓሮ ወጣ። ጨለማ ስለነበረ የታየን የእጅ ባትሪው ብርሃን ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ልጁን ታምታቱታላችሁ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው» የሚሉኝ አሉ። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛው ቃል አይቀርም። ስበት ምን እንደሆነ የገባው ልጅ ሁለት ስም መያዝ አያቅተውም። «አማርኛ የሳይንስ ቃል የለውም» የሚሉም አሉ። መላ ምት፣ ምህዋር፣ ህዋስ፣ ሐመልሚል ከየት መጡ? የቋንቋ ምሁራኖቻችን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተው አሳትመዋል። ቃል ሲጠፋ ደግሞ ሚቶኮንድሪያን ሚቶኮንድሪያ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛውም ከግሪክ ነው የተዋሰው። ቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ጉራጊኛ ከሆነም ነገሩ ያው ነው።

ሐሳቤ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ጥያቄ ከልጁ የክለሳ ወረቀት ምረጡ። መልሱን ከመንገራችሁ በፊት መላ ምቱን ይናገር፤ ከዚያ በኩሽና ወይም በጓሮ ፈትኑት። በመጨረሻ አገር ቤት ደውሎ ለአያቱ በአማርኛ ያስረዳ። አያቶች ጥሩ ፈታኞች ናቸው፤ ያልገባቸውን «ገባኝ» አይሉም። እናቴ የጠፈር ጣቢያውን ነገር ሰምታ «ታዲያ ከወደቀ ለምን አይደርስም?» ብላ ልጄን ሦስት ጊዜ አስደግማታለች። በሦስተኛው ላይ ልጄ በትክክል መለሰች።

ልጅ የሌላችሁ ተማሪዎችና ሠራተኞችም፣ በተለይ ሪያድና ዱባይ ሆናችሁ ለታናናሾቻችሁ የትምህርት ቤት ወጪ የምትልኩ፣ ከገንዘቡ ጋር በሳምንት ሃያ ደቂቃ ላኩ። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲባል «ደህና ነው» የሚል ልጅ፣ «ጨረቃ ላይ ሻንጣ ስንት ይመዝናል?» ሲባል ስልኩን ቶሎ አይዘጋም።